ወንድሞቼ ከሆስፒታል አልጋ ላይ የጠለፉኝ ቀን

በልጅነቴ ከጠለፋ ያመለጥኩ ሴት ነኝ። እኩዮቼ ውኃ ሊቀዱ ወርደው፣ ገበያ ሄደው እየተነጠቁ ሲወሰዱ እኔን የደፈረኝ አልነበረም። ሁለቱ ወንድሞቼ ወልዴና ክብሩ ዱላ ይዘው ከኋላዬ ስለሚሄዱ ነው። ታዲያ ምን ዋጋ አለው! አርባውን ከተሻገርኩ፣ ባል አግብቼ ሦስት ልጅ ካደረስኩ በኋላ ተጠለፍኩ። የጠለፉኝም እነዚያው ወንድሞቼ ናቸው። ያውም ከሆስፒታል አልጋ ላይ።

ግድ የለም፣ ሳቁ። እኔም ዛሬ ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ስሜ ዘነበች ነው፤ የቅርቦቼ ዘኑ ይሉኛል። የተወለድኩት ከእምድብር ወዲያ ባለ የገጠር መንደር ነው። ባሌ አስማረ ደግሞ የጎጃም ሰው ነው፤ አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ መጣና እኔን አግብቶ እዚሁ ቀረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። እኔ ስለ ሁለታችንም እጮሃለሁ።

ጀርባዬ የጀመረኝ ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ድካም መሰለኝ። እንሰት ስፍቅ አድጌ፣ የቅቤ ጣሳ ስሸከም ኖሬ ወገብ ቢያመኝ ምን ይገርማል? እያደር ግን ከወገቤ ተነስቶ በግራ ዳሌዬ በኩል እስከ እግሬ ጣት የሚወርድ እሳት ሆነ። ማስነጠስ ፈራሁ። ጫማዬን ልጆቼ ያስሩልኝ ጀመር። ቅባቱን ተቀባሁት፣ ኪኒኑን ዋጥኩት፣ ቀበቶውን ታጠቅሁት። ሕመሙ ፀባዬንም ይዞት ሄደ። አንድ ቀን ቅቤዬን በጣቷ እየወጋጋች «ይሄ የቆየ ነው» ያለችኝን ሴትዮ የሚዛን ድንጋይ ወርውሬባታለሁ። ሳታት እንጂ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከወህኒ ቤት ነበር።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ የሚሠራ የአከርካሪ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን አይስቅም። የጀርባዬን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ።

«ዲስኩ ወጥቶ ነርቭሽን ተጭኖታል» አለኝ። «መድኃኒቱንም እንቅስቃሴውንም በደንብ ሞክረሻል። አሁን ቀዶ ሕክምና ይሻልሻል ብዬ አስባለሁ።»

«ሽባ እሆናለሁ?»

«ዕድሉ ትንሽ ነው። የለም ግን አልልሽም።»

«አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ትሠራለህ?»

«እኔ አንቺን አይደለሁም፤ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ወይም ስትቀመጪ መቀመጫሽ ከደነዘዘብሽ፣ ያን ቀን ማሰብ የለም፤ ሮጠሽ ነው የምትመጪው። ነርቭ ከሞተ በኋላ እኔም ምንም አላደርግልሽም።»

ሰማሁት። ከሁሉ ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው «የለም አልልሽም» ያላት ነች።

ከዚያ በኋላ መካሪው በዛ። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይሉ የለ! አንዷ መጥታ ጉንችሬ ያለ የምታውቀው ሰው ሆስፒታል በእግሩ ገብቶ በተሽከርካሪ ወንበር መውጣቱን ትነግረኛለች። ሌላዋ ቡታጅራ ያለች የአክስቷ ልጅ ተሠርታ ዛሬ ስትሮጥ እንደምትውል ትምላለች። ጠዋት «እሠራለሁ» ብዬ እነሳና ማታ «አልሠራም» ብዬ እተኛለሁ። ሲመረኝ አስማረን «አንተ ታውቃለህ፣ አንተው ፈርም» አልኩት። ፈረመ። ሆስፒታል ተኛሁ። በማግስቱ ልሠራ፣ ዋዜማው ላይ ወንድሞቼ ከተፍ አሉ።

ማለዳ ነው፤ አስማረ አጥሚት ሊያጠጣኝ ጽዋውን አፌ ላይ አድርሶታል። ወልዴ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ክብሩና ሁለት የአጎት ልጆቻችን ከኋላው ተደረደሩ። ደህና አደርሽ እንኳ አላሉኝም።

«ማነው የፈረመው?» አለ ወልዴ።

«እኔ ነኝ» አለ አስማረ፣ ጽዋውን እያስቀመጠ።

«በማን ጀርባ ላይ?»

«በሚስቴ።»

«ሚስትህ ከመሆኗ በፊት የማን ነበረች? ብትሞት ለቅሶው የሚቆመው የማን ደጅ ነው? እኛ ሞተናል? እህታችንን በቢላ ለማሰንጠቅ ስትፈርም አንድ ቃል አትጠይቀንም?»

«ጋሽ ወልዴ፣ ተረጋጋ። እሷ ራሷ…»

አልጨረሰውም። የወልዴ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። መነጽሩ ተስፈንጥሮ አልጋ ሥር ገባ፣ አጥሚቱ በግድግዳው ላይ ተዘረገፈ። አስማረ ሲነሳ አንዱ የአጎቴ ልጅ ደረቱን በጉልበቱ ብሎ መልሶ ጣለው። ነርሷ «ኡ ኡ!» እያለች ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ክብሩ ክንዴ ላይ የተሰካውን የጉሉኮስ መርፌ ነቅሎ ጣለው፤ ደሜ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ከነብርድ ልብሴ ጠቅልለው አነሱኝ። የጥበቃ ሠራተኛው በሩ ላይ ዱላውን አጋድሞ ቢቆም ክብሩ ከነዱላው ገፍትሮ የአበባው መደብ ውስጥ ጣለው። ውጭ ሞተሩ ያልጠፋ ሚኒባስ ቆሟል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጮህ እችል ነበር። ድምፄን ወልቂጤ ገበያ ያውቀዋል፤ አንዴ ብጮህ ግማሹ ከተማ ይመጣል። አልጮህኩም። የባሌ አፍ እየደማ፣ ልቤ ወንድሞቼን እየረገመ፣ ከውስጤ አንዷ ደግሞ «እሰይ፣ ከቢላው ተረፍኩ» ትል ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ በኋላው ወንበር ላይ አጋደሙኝ። አስፋልቱ ላይ ሳለን ቻልኩት። ወደ መንደራችን የሚገባው ጥርጊያ ላይ ግን መኪናው በዘለለ ቁጥር ጀርባዬን በመጥረቢያ የሚፈልጡኝ መሰለኝ። «ቀስ በል፣ አንተ ከብት!» ብዬ ሹፌሩን ሰደብኩት። ወልዴ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አድርጎ ላቤን ይጠርጋል። የአስማረ ደም እጁ ላይ አልደረቀም።

«ወጌሻው እየጠበቀን ነው» ይለኛል። «የክብሩን ክንድ እንዴት እንዳደረገው ረሳሽው? አንድ ጊዜ ነካ ቢያደርግሽ ትነሻለሽ።»

እውነቱን ነው፤ የክብሩን ክንድ የጠገነው ወጌሻ ባልቻ ነው። የወለቀ ትከሻ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሰውየውን እጅ አላማም። የእኔ ግን ስብራትም ውልቃትም አልነበረም። ይህን ለወልዴ የሚነግረው ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ እኔም ብነግረው ማን ይሰማኛል?

አባታችን የሠራው ትልቁ ቤት አስገቡኝ። መካከሉ ላይ ጣሪያውን የተሸከመው ወፍራም ምሶሶ አለ። በሆዴ አስተኙኝና ብብቴ ሥር ሰፊ መቀነት አሳልፈው ከምሶሶው ጋር አሰሩኝ። ባልቻ ጀርባዬን በቅቤ አሸው። ጣቶቹ የታመመችውን ቦታ ሲያገኟት ጮህኩ።

«ይቺ ናት» አለ። «ወጥታለች፤ እንመልሳታለን። እግሯን ያዙ።»

ሁለቱ የአጎት ልጆቼ አንድ አንድ እግር ያዙ። ወልዴ ፊቴ ተንበርክኮ ራሴን አቀፈ።

«ቻይው ዘኑ፣ አሁን ያልፋል።»

«ጋሼ፣ በእናታችን ይሁንብህ፣ ፍቱኝ! አልፈልግም፣ ተዉኝ!»

«ሳቡ!» አለ ባልቻ።

ሳቡኝ። መቀነቱ ብብቴን ቆረጠው። ከዚያ ባልቻ ሙሉ ክብደቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወገቤ ላይ ወረደ። ምሶሶው ራሱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። አፌ አጠገብ ያገኘሁትን ነከስኩ፤ የወልዴ እጅ ነበር። ጥርሴ ሥጋውን ሲበጣጥስ ተሰማኝ፣ ጨው ጨው የሚል ደሙ አፌን ሞላው፤ እሱ ግን እጁን አላነሳም። «ድገሙ!» አለ ባልቻ። ደገሙ። ጀርባዬ ውስጥ ቋ! አለ።

«ገባች!» ብሎ ጮኸ አንዱ። የወልዴ ሚስት ብርነሽ እልልታዋን ለቀቀችው።

ታምኑኛላችሁ? ሕመሙ ቆመ። ስንት ዓመት ያቃጠለኝ እሳት አንድ ጊዜ እንደ መብራት ጠፋ። አለቀስኩ፣ ባልቻን መረቅሁት፣ የወልዴን የተነከሰ እጅ ሳምኩት። ቆጮ ተቆረሰ፣ አይብ መጣ፣ ክብሩ ስለ ሐኪሞች ቀልድ ያወራ ጀመር። እኔም ከሁሉ በላይ ሳቅሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልነሳ ብዬ ግራ እግሬን አዘዝኩት። ተንጠልጥሎ ቀረ። በእጄ መታሁት፤ የሌላ ሰው እግር ነው። ብርነሽ ልትደግፈኝ ጎንበስ አለችና ደነገጠች።

«ዘኑ፣ ውኃ ደፋሽ እንዴ?»

ቁልቁል አየሁ። ቀሚሴ ከወገብ በታች ርሷል። ውኃ አልደፋሁም። ሲወርድ አልሞቀኝም፣ ሲርሰኝ አልበረደኝም። የሐኪሙ ቃል በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ «ማሰብ የለም፤ ሮጠሽ ነው የምትመጪው።»

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የብርነሽን ክንድ ጨብጬ «ለወንዶቹ እንዳትናገሪ» አልኳት። ሦስት ልጅ የወለድኩ፣ ገበያ መካከል ከወንድ ጋር የምሰዳደብ ሴት፣ ለወንድሞቼ «ሽንቴ አመለጠኝ» ማለት ሞት ሆነብኝ። ብርነሽ ልብስ ቀየረችልኝ፣ ገለባ አነጠፈችልኝ። ባልቻም እግሬን አይቶ «ደንዝዞ ነው፣ ያድርና ይለቃል» አለ። እንዲያ ተደብቄ አደርኩ። ሞቼ ባደርኩ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አስማረ መጣ። ፖሊስ ይዞ ይመጣል ብዬ ነበር። የእኔ መምህር ግን ሦስት ሽማግሌ ከወልቂጤ ይዞ መጣ! በኋላ ስጠይቀው «ፖሊስ ባመጣ ወንድሞችሽን አሳስሬ ካንቺ ጋር በምን ዓይን እተያያለሁ?» አለኝ። የሰው አገር ሰው ነውና ሥርዓቱን ከእኛ አብልጦ ይፈራል።

የመንደራችንም ሽማግሌዎች ተጠርተው በቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሰፊ ሣር፣ ጀፎሮው ላይ፣ ዝግባው ሥር ተቀመጡ። ምርቃቱ ደረሰ፤ ከዚያ ተራ በተራ፣ በቀስታ፣ በምሳሌ እየተዋዛ ንግግሩ ቀጠለ። በበሩ በኩል ሁሉን እሰማለሁ።

«አማች ልጅ ነው» ይላል አንዱ። «ነገር ግን ወገኗን ሳያማክር በመፈረሙ አጥፍቷል።»

«ልክ ነው። መምታታቸውስ?»

«እሱም ጥፋት ነው። አማች አይመታም። መነጽሩም ተሰብሯል።»

«እንግዲያው አስቀድመን የትኛው ጥፋት እንደሚቀድም እንይ…»

አያችሁልኝ? ዳኝነቱ በጀርባዬ ላይ አልነበረም፤ በፊርማው ላይ ነበር። የእርቁን በግ ማን ይጎትት በሚለው ላይ ነበር። እኔ እዚህ ገለባ ላይ እየሞትኩ!

ድንገት የአስማረን ድምፅ ሰማሁ። ያ ዝምተኛ ሰው እየጮኸ ነው።

«በጉን እጎትታለሁ፣ በሬም እጎትታለሁ! ሚስቴን አሳዩኝ! በሕይወት አለች?»

«ተቀመጥ!» አለ ክብሩ።

«አልቀመጥም፤ አንተ ሌባ!»

ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁ አይጠፋኝም። ከዚያ ሁከት ሆነ። ሽማግሌዎቹ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!» ይላሉ፤ የሚሰማ የለም። ያኔ ነው በደረቴ መሳብ የጀመርኩት። በክርኔ መሬቱን እየቧጠጥኩ፣ ግራ እግሬን እንደ ጆንያ እየጎተትኩ ወደ በሩ።

ብርነሽ መንገዴን ዘጋች። «እብድ ነሽ? ሽማግሌ በተቀመጠበት ሴት አትገባም! በዚህ ሁኔታሽ!»

«ከፊቴ ዞር በይ፣ አለዚያ እነክስሻለሁ» አልኳት። የባሏን እጅ አይታዋለችና ዞር አለች።

የውጪው ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ። አስማረ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ግንባሩ ተፈንክቷል። ክብሩ በላዩ ላይ ነው፤ ወልዴ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ከሽማግሌዎቹ አንዱን እየገፋ ነው። አጠገቤ የወደቀ ዱላ ነበር። በተኛሁበት አነሳሁና በሙሉ ኃይሌ የወልዴን ቅልጥም መታሁት። እሪ ብሎ ወደቀ፣ አፍንጫዬ አጠገብ።

«አሁን እኩል ሆነናል» አልኩት። «ስማኝ።»

ጀፎሮው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ቀሚሴን እዩ!» አልኩ። ድምፄ ወጣ፤ ያ ሆስፒታል ውስጥ ያላወጣሁት ድምፅ። «አባቶቼ፣ ፊታችሁን አታዙሩ፣ እዩ! ሽንቴ ነው። ሲፈስ አላውቀውም። ከትናንት ጀምሮ ከወገቤ በታች የእኔ አይደለም። ሐኪሙ ይሄ ከመጣ አትቆዪ ብሎኝ ነበር፤ እኔ አፍሬ ደብቄ አደርኩ። እናንተ ስለ ፊርማ ትዳኛላችሁ! ጀርባው የእኔ ነው። ቢላው ሲገባ የሚገባው እኔ ውስጥ ነው፤ በአስማረም በወልዴም ውስጥ አይደለም። እቆረጣለሁ ብያለሁ! ብሞትም በራሴ እሞታለሁ። ውሰዱኝ!»

ወልዴ ቅልጥሙን ይዞ ቀሚሴን ያያል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ በቀስታ።

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የገፉት ተነሥተው ጋቢያቸውን አወረዱና ወገቤን ሸፈኑት።

«ዳኝነቱ ይቆይ» አሉ። «ቃሬዛ አምጡ። ሚኒባሱን አስነሡ።»

በአንድ በኩል የሚያነክሰው ወልዴ፣ በሌላ በኩል ደሙ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው አስማረ ሆነው ቃሬዛውን ተሸከሙ። እስከ መኪናው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ሐኪሙ እግሬን በመርፌ ወጋ ወጋ አድርጎ ሲጨርስ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

«ትናንት እዚሁ ብትሆኚ ጥሩ ነበር» አለ። «አሁንም አሁኑኑ መግባት አለብን። ሽንትሽም እግርሽም ሊመለሱ ይችላሉ። ላይመለሱም ይችላሉ። ምንም ቃል አልገባልሽም። ማነው የሚፈርመው?»

አስማረ እጁን ዘረጋ፤ ወልዴም አንድ እርምጃ ቀረበ። «ብዕሩን ለኔ» አልኩ። ፈረምኩ። ከዚያ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት የፈራሁት ነገር ያን ጊዜ አላስፈራኝም ብል ውሸት ይሆናል። ፈርቼ ነው የፈረምኩት።

ተሠራሁ። ሽንቴ ቀስ በቀስ፣ ብዙ ከተዋረድኩ በኋላ ተመለሰልኝ። ቀኝ እግሬ ደህና ነው። ግራው አልተመለሰም፤ ይጎተታል፣ በምርኩዝ ነው የምሄደው። ቅቤዬን ግን ዛሬም እሸጣለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወገባችሁን ይዛችሁ «ልሠራ ወይስ ልተው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ገበያ ድረስ እየመጣችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ተሠሩ አልላችሁም። ሳይሠሩ በእንቅስቃሴ ብቻ የዳኑ አውቃለሁ፤ ተሠርተው ያልተሻላቸውም አሉ። ያንን ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እንደገና ጠይቁ። ማፈር የሌለባችሁ ግን አንድ ነገር አለ። ሰውነታችሁ የሚላችሁን ደብቃችሁ አትደሩ። እኔ «ባሌ ያውቃል» አልኩ፣ «ወንድሞቼ ያውቃሉ» አልኩ፣ «ወጌሻው ያውቃል» አልኩ። ሁሉም ወደዱኝ። እየወደዱኝ ሊገድሉኝ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አስማረና ወልዴ በኋላ ታርቀዋል፤ ሁለቱም በግ ጎትተዋል። ከእርቁ ብዙ ቆይቶ ወልዴ አንድ የገበያ ቀን ሱቄ መጣ። ተቀምጦ ደንበኞቼን ሳስተናግድ፣ እግሬን ስጎትት ሲያይ ቆየ። እጁ ላይ የጥርሴ ጠባሳ አለ።

«ሐኪምሽን ሄጄ ጠየቅሁት» አለኝ።

«ምን አለህ?»

«መሳቡ ይሁን፣ መዘግየቱ ይሁን፣ በሽታው ራሱ ይሁን መለየት አይቻልም አለኝ።» ምርኩዜን አየ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? እግርሽን እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ?»

«ኧረ በሽታው ነው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወንድሜ ነው፤ ራሴን አቅፎ ሥጋውን እየነከስኩት ያልለቀቀኝ ሰው ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልደብቅም ብያለሁ።

«አዎ ጋሼ፣ አንተ ነህ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ።

«ግን ከሆስፒታሉ ተሸክማችሁ ስታወጡኝ መጮህ እችል ነበር። ሰው እንዲወስንልኝ ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት። ሁሉንም ብቻህን አትሸከመው፤ ግማሹን ለኔ ተውልኝ።»

ወልዴ እናታችን ስትሞት እንኳ አላለቀሰም። ያን ቀን ቅቤ ጣሳዎቼ መካከል ተቀምጦ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ።